ልጅ ሲጠፋ ዝም አይባልም

(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የዕድሩ ጸሐፊ ያሰሙት ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኛችሁ አባላትና ለሰፈራችን ነዋሪዎች ሁሉ እንዲደርስ እንዳለ በሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው ስብሰባ አጀንዳ ሦስት መሆኑ ይታወቃል። ስለ ወርኃዊ መዋጮና ስለ አዲሱ ድንኳን ሰብሳቢያችንና ገንዘብ ያዣችን በሰፊው ገልጸውላችኋል። ሦስተኛው አጀንዳ የኔ ድርሻ ሆኖ ተሰጥቶኛል፤ ይኸውም ስለ ትናንሽ ልጆች መጥፋት ነው። የምለውን ልብ ብላችሁ እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም በመጨረሻ ድምፅ የምትሰጡበት ነገር አለ።

ዕድራችን የተመሠረተው ለሐዘን ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ድስት ይወጣል፤ ለቀብር ሁሉም ይሄዳል፤ የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ማንም "ምን አገባኝ" አይልም። ይህ ኩራታችን ነው። እስቲ እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለሞተ ሰው እንዲህ ነቅለን የምንወጣ ሰዎች፣ ገና በሕይወት ያለ ሕፃን ሲጠፋ ለምን እናቱን ብቻዋን ከበር በር እናስሮጣለን? ልጁ ከሞተ በኋላ ድንኳን ከመትከል፣ ሳይሞት ፊሽካ መንፋት አይሻልም ወይ? የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ልጅ ሲጠፋ ዝም አይባልም፤ ወዲያው ይጮሃል፤ ጩኸት ሲሰማም ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል።

በከንቱ ያለፈው ግማሽ ሰዓት

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የሦስት ዓመት ልጅ ጠፍቶ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ስም አልጠራም፤ ማንንም ለመውቀስም አይደለም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ በደህና ተገኝቷል። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባዶ ጆንያ ላይ ተኝቶ ነበር። ነገር ግን በኋላ ነገሩን ስናጣራ አንድ የሚያሳስብ ነገር አገኘን። ልጁ ከጠፋበት ሰዓት ጀምሮ "ልጅ ጠፋ" ተብሎ እስኪጮህ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል አልፏል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ልጁን የምትጠብቀው የቤት ሠራተኛ፣ እሷም ራሷ ገና ልጅ ናት፣ "እባረራለሁ" ብላ ፈርታ ለብቻዋ ከጓሮ ጓሮ ስትፈልግ ነበር። መንገድ ላይ ያገኟት ጎረቤቶች "ምን ሆንሽ?" ሲሏት "ምንም" ብላ አልፋለች።

ያን ዕለት ከባድ ዝናብ ጥሎ የቀበና ወንዝ ሞልቶ ነበር። ልጁ ወደ ወንዙ ሳይወርድ ወደ ወፍጮ ቤቱ መውጣቱ ዕድል ነው እንጂ የኛ ብልኃት አይደለም። በዕድል ደግሞ ሁለት ጊዜ አይታመንም።

ዝም የምትለው ሠራተኛ ብቻ እንዳትመስላችሁ። ታናሽ ወንድሟን እንድትጠብቅ የታዘዘች የስምንት ዓመት ልጅም "እመታለሁ" ብላ ትደብቃለች። አያት "ልጁን አደራ ብለውኝ" ብለው ያፍራሉ። እናትም ብትሆን "ልጇን መጠበቅ ያቃታት" እንዳትባል የሰፈሩን ሐሜት ትፈራለች። ሁሉም "እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ እዚህ ጋ ልይ" እያለ ደቂቃው ይሄዳል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ልጅ መጥፋቱን የደበቀም ፈላጊ አይገኝለትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በየቤታችሁ ዛሬ ማታ የሚሠራ ነው። ልጅ የምትጠብቀውን ሠራተኛ፣ ታላቅ እህትን፣ አያትን አስቀምጣችሁ እንዲህ በሏቸው፦ "ልጁ ከዓይንሽ ከጠፋ መጀመሪያ ጩኺ። ስለጮኽሽ ማንም አይቆጣሽም። የምንቆጣው ዝም ካልሽ ነው።" ቃላችሁንም ጠብቁ። አንድ ጊዜ ጮኻ የተሰደበች ሁለተኛ አትጮህም።

ትንሽ ልጅ እንዴት ይጠፋል?

ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ዓመት የሆነው ልጅ የሚጠፋው ሊኮበልል ፈልጎ አይደለም። አንድ ነገር ተከትሎ ነው የሚሄደው። ኳስ፣ ቡችላ፣ የሰፈር በግ፣ ሙሽራ የጫነ መኪና፣ ታቦት ያጀበ ሕዝብ፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ታላላቆች ይሆናሉ። አባቱ ወደ ሥራ ሲወጣ በሩ ሳይዘጋ ይቀርና ተከትሎት ይወጣል፤ አባት ታክሲ ይዞ ሄዷል፣ ልጁ መንገድ ላይ ቀርቷል። አባት "ከእናቱ ጋር ነው" ብሎ ያምናል፤ እናት ደግሞ "አባቱ ይዞት ወጣ" ብላ ታስባለች። ልጅ የሚጠፋው እንዲህ በሁለት ሰው መካከል ነው። ድግስ ቤት ይህ ይብሳል፤ ሃያ ሰው ባለበት ቤት ሁሉም "አንዱ ያየዋል" ስለሚል ማንም አያየውም። በድግስና በለቅሶ ቀን ለልጆች ብቻ የተመደበ አንድ ሰው ይኑር። ያ ሰው ሊሄድ ሲል ለተተኪው "አሁን አንተ ነህ የምትጠብቀው" ብሎ በአፉ ተናግሮ ያስረክብ።

ትንሽ ልጅ መጥፋቱንም አያውቅም። የሚከተለው ነገር ሲያልቅበት ነው ቀና የሚለው። ያን ጊዜ ግራ ሲገባው አንዱ ያለቅሳል፤ ሌላው ግን ጥግ ይዞ ይደበቃል ወይም ይተኛል። ስሙን እየጠራችሁ አጠገቡ ብታልፉም ላይመልስ ይችላል፤ የማያውቀው ድምፅ ከሆነ፣ ወይም ቁጣ ከሰማበት ይፈራል። እንግዲህ ስትፈልጉ በቁጣ አትጥሩ። "ና፣ እማዬ ትፈልግሃለች" እያላችሁ በለሰለሰ ድምፅ ጥሩ፤ ጠርታችሁም ለአፍታ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ደግሞም በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ፈልጉ፦ ምንጣፍ ገልጣችሁ፣ በር ከፍታችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ።

መጀመሪያ ወዴት እንሩጥ?

ብዙ ሰው ልጅ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሮጠው ልጁ ሁልጊዜ ወደሚጫወትበት ቦታ ነው። ይህ ስሕተት ነው። መጫወቻው ላይ ካለ ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ አይሞትም። መጀመሪያ የሚታየው ሊገድለው የሚችለው ቦታ ነው። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ውኃ። ትንሽ ልጅ ለመስጠም ባሕር አያስፈልገውም። አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ ይበቃል። ልብስ የተዘፈዘፈበት ሳፋ፣ ክዳን የሌለው በርሜል፣ ለቤት ሥራ ተቆፍሮ ዝናብ የሞላው ጉድጓድ፣ ክፍት ቦይ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ከዚያም ወንዝ። የሚሰጥም ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው አይጮህም፣ እጁንም አያወናጭፍም፤ ፀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። አየር ያጣ አንጎል ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል። ስለዚህ "ድምፅ አልሰማሁም፤ ውኃ ውስጥ አይደለም" አይባልም።

2ኛ/ መኪና። አንድ ጎረምሳ ወደ አስፋልቱ ይሩጥ፤ ሌላው በግቢና በመንገድ ዳር የቆሙትን መኪናዎች ሥርና ውስጥ ይይ። ትንሽ ልጅ ከመኪና ኋላ ከቆመ ሾፌሩ በመስታወት ላያየው ይችላል። ልጅ ጠፋ በተባለበት ሰዓት በሰፈሩ ውስጥ ማንም ሰው ወርዶ ዙሪያውን ሳያይ መኪና አያንቀሳቅስ። መኪና ውስጥ ገብቶ በሩ የተዘጋበት ልጅም በፀሐይ ሙቀት ሊሞት ስለሚችል የተቆለፈ መኪና ሁሉ በመስታወት ይታይ።

3ኛ/ ቤት ውስጥ። ከአልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሶፋ ኋላ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከእንጨትና ከከሰል ማስቀመጫው። ብዙ ልጅ "ጠፋ" ተብሎ ሰፈር ሲታመስ ቤቱ ተኝቶ ይገኛል። በኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ደግሞ ደረጃው እስከ ላይኛው ፎቅ ይታይ፤ በረንዳውና የውኃ ሮቶ ያለበት ቦታም አይረሳ።

4ኛ/ በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ከቤቱ በር አይነቃነቅ። ልጁ በራሱ ተመልሶ ቢመጣ የሚቀበለው፣ ሰው ይዞት ቢመጣም የሚረከበው እርሱ ነው። ይህ ሰው እናትየዋ ባትሆን ይሻላል፤ እናት ቁጭ በይ ብትባል አትችልም፤ ደግሞም ልጁ የሚመልሰው ለእርሷ ድምፅ ነው።

5ኛ/ ለፖሊስ በ991 ይደወል። በሰው ዘንድ "24 ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ አይቀበልም" የሚል ወሬ አለ። ለሕፃን ልጅ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም፤ ደቂቃም አይጠበቅም። ደዋዩ የልጁን ስም፣ ዕድሜ፣ የለበሰውን ልብስና ቀለም፣ መጨረሻ የታየበትን ቦታና ሰዓት ይናገር። ጉድጓድ ወይም ወንዝ ገብቶ እንደሆነ ከተጠረጠረ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ስልክ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ 907 ነው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ከበራችሁ ኋላ በትልልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ። በድንጋጤ ጊዜ ሰው የራሱንም ስልክ ይረሳል።

ልጅ ከውኃ ወጥቶ የማይተነፍስ ከሆነ እግሩን ይዞ መዘቅዘቅ ጊዜ ማባከን ነው። ጠንካራ መሬት ላይ አስተኝቶ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን በሥርዓት መጫን ነው የሚያድነው። ይህ በወሬ አይማሩትም፤ በእጅ መለማመድ ያስፈልጋል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ስለሚሰጥ፣ ከየመስመሩ ሁለት ሁለት ወጣት እንዲሠለጥንልን ለመጠየቅ አስበናል።

"የማን ልጅ ነህ?"

በአገራችን የጠፋ ልጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው "የማን ልጅ ነህ?" ተብሎ ነው። እስቲ በየቤታችን ያሉት ልጆች ምን ብለው እንደሚመልሱ አስቡ። "ስምህ ማነው?" ሲባል "ማሙሽ"። "እናትህስ?" "እማዬ"። "አባትህስ?" "አባዬ"። "ቤታችሁ የት ነው?" "እዛ ጋ"። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ማሙሽ፣ ስንት ሚሚ አለ? ስንት እማዬ አለች? እኛ ራሳችን እናቲቱን "የአቤል እናት" እያልን ስለምንጠራት የክርስትናም ሆነ የመዝገብ ስሟን የማናውቅ ጎረቤቶች አለን። ልጁ ከየት ይወቀው?

ስለዚህ ልጁ አፉን ሲፈታ እነዚህን አስተምሩት፦ ሙሉ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፤ የእናቱን እውነተኛ ስም፤ የሰፈሩን ስምና ቤቱ አጠገብ ያለውን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ምልክት፣ ለምሳሌ ወፍጮ ቤቱን ወይም ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን። አራት ዓመት ሲያልፈው የአንድ ወላጅ ስልክ ቁጥር። አስር አሃዝ በዛ አትበሉ፤ በዜማ አድርጋችሁ ብታስይዙት ከናንተ ቀድሞ ይይዛል። ቡና ሲፈላ ጎረቤት "የማን ልጅ ነህ?" እያለ ይጠይቀው፤ ሲመልስ "ጎበዝ" ይባል፤ ፈንዲሻ ይጨመርለት። እንዲህ የተማረ ልጅ ሜዳ ላይም ቢሆን አይረሳውም።

ሌላው ልጅን በፖሊስ ማስፈራራት ነው። "ዝም ካላልክ ፖሊስ ይወስድሃል" እንላለን። "ጭራቅ ይበላሃል፣ ያ ሽማግሌ በጆንያ ይከትሃል" እንላለን። ታዲያ ይህ ልጅ የጠፋ ዕለት ፖሊስ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ይደበቃላ! የሚያድነውን ሰው ጠላቱ አድርገን አሳድገነዋል ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይህ ይቅርና ፖሊስ ወይም የደንብ አስከባሪ ሲያልፍ ልጁን "ስትጠፋ ለነዚህ ትናገራለህ" በሉት። ከነርሱ ሌላ "ልጅ የያዘች እናት ካየህ ለሷ ንገር" ብላችሁ አስተምሩት።

መንገድ ላይ ወይም ገበያ ውስጥ እናቱን ያጣ ልጅ "ባለህበት ቁም፤ እኔ ነኝ የምመጣልህ" መባል አለበት። ልጁም እናቱም ቢዟዟሩ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ከቆመ ግን ይገናኛሉ። ይህን በጨዋታ መልክ አለማምዱት።

ስለ በዓላትና ስለ ገበያ

ከሰፈራችን ጃን ሜዳ ቅርብ ነው። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ መስከረም 16 በመስቀል አደባባይ ደመራ፣ በኢሬቻ፣ በዒድ ሶላት፣ ከበዓል ዋዜማ ደግሞ መርካቶ፤ ልጅ ይዘን የማንወጣበት የለም። ውጡ፤ ልጅ ባህሉን ይይ። ግን ተዘጋጅታችሁ ውጡ።

የጥምቀት ዕለት እናት "ልጄ ነጭ ለብሷል" ብትል ማን ያገኝላታል? ሜዳው በሙሉ ነጭ ነው። ነጭ ለባሹን ልጅ ደመቅ ያለ ቀለም ያለው ሻሽ ወገቡ ላይ እሰሩለት ወይም ቀይ ኮፍያ አድርጉለት። ጠዋት ከቤት ስትወጡ በስልካችሁ ከነልብሱ ፎቶ አንሱት፤ ቢጠፋ ምን ለብሶ እንደነበር አትከራከሩም። ስልክ ቁጥራችሁን በክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ ወይም በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ስፉት። የልጁን ስም ግን ከላይ በሚታይ ቦታ አትጻፉ፤ ክፉ ሰው ስሙን አንብቦ እንደሚያውቀው ሆኖ ሊጠራው ይችላል። ልክ እንደደረሳችሁ "ብንጠፋፋ እዚህ ዛፍ ሥር" ተባባሉ። ሁለት ልጅ የያዘች እናት ሦስተኛውን የጎረቤት ልጅ አትጨምር፤ እጅ ሁለት ነውና።

ወንዛችንን በተመለከተ አንድ ነገር አሳስባለሁ። የቀበና ውኃ የሚመጣው ከእንጦጦ ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ሆኖ ላይ እንጦጦ ቢዘንብ፣ ውኃው ድንገት ሞልቶ ይደርሳል። ልጆች "ዝናብ የለም" ብለው ሲወርዱ ትልቅ ሰው ያየ እንደሆነ የማን ልጅ ናቸው ሳይል ይመልሳቸው።

የማይናገሩ ልጆች

በሰፈራችን መናገር የማይችሉ ወይም እንደ ሌላው ልጅ የማይግባቡ ልጆች አሉ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ስሙ ሲጠራ ላይመልስ ይችላል፤ በር ከፍቶ መሄድ ይወዳል፤ ብዙዎቹም ወደ ውኃ ይሳባሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ ሲያቋቁሙ እርሳቸው ራሳቸው የዚህ ዓይነት ልጅ እናት ነበሩ። በእርግማን እየታየ ከሰው ዓይን ይደበቅ የነበረውን ልጅ ወደ ብርሃን ለማውጣት ብዙ ደክመዋል። እኛም ከዚህ እንማር። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤት ደብቆ አያሳድገው፤ ለጎረቤት ያስተዋውቀው። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ሲያገኙት እንዴት እንደሚይዙት ይንገረን። ሰፈር የማያውቀውን ልጅ ሰፈር አይፈልገውም። የሰፈር ልጆችም ቢሆኑ "እብድ" እያሉ ከሚያሳድዱት ይዘውት እንዲመጡ እናስተምራቸው።

የሰው ልጅ ያገኘ ሰው

አንዳንዴ እኛ የምንሆነው የጠፋብን ሳይሆን ያገኘነው ነው። ብቻውን የሚያለቅስ ሕፃን ያየ ሰው "ወላጅ ይኖረዋል" ብሎ አይለፍ። ቁጭ ብሎ በቁመቱ ልክ ያናግረው። ወዲያው ይዞት ከመሄድ እዚያው ቦታ ላይ ጥቂት ይቆይ፤ እናቱ መጀመሪያ የምትመለሰው ወደዚያው ነውና። ብቻችሁን አትሁኑ፤ ሌላ ሰው ጥሩ። ይህ ልጁንም ይጠብቀዋል፤ እናንተንም ከሐሜትና ከጥርጣሬ ያድናችኋል። ወላጅ ካልመጣ ለ991 ደውሉ ወይም ሁለት ሆናችሁ ቅርብ ወዳለው ፖሊስ አድርሱ። "አዝኜለት ቤቴ አሳደርኩት" የሚባል ነገር ለልጁ ደግነት ቢመስልም፣ እናትየዋ ሌሊቱን እንዴት እንደምታድር አስቡ።

"ልጄ ነው" ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ አትመኑ። ልጁ ሲያየው ምን ይሆናል? የልጁን ሙሉ ስም፣ ከውስጥ የለበሰውን፣ በገላው ላይ ያለውን ምልክት ያውቃል? ካጠራጠራችሁ ፖሊስ እስኪመጣ አትስጡ።

ድሮ "አፋልጉኝ" የሚባለው በጋዜጣና በሬዲዮ ነበር። ዛሬ ቴሌግራምና ፌስቡክ አለ፤ በአንድ ሰዓት ከተማውን ያዳርሳል። ይህ ትልቅ ዕርዳታ ነው፤ ነገር ግን ማስታወቂያው ላይ ቀንና ሰዓት ይጻፍ፤ ልጁ ሲገኝም "ተገኝቷል" ተብሎ ፎቶው ይነሳ። የቤት አድራሻ አይጻፍ። "ልጁ እኔ ጋ ነው፤ መጀመሪያ ገንዘብ ላኩ" የሚል ቢደውል ሳትልኩ ቁጥሩን ለፖሊስ ስጡ። በሰው ጭንቅ የሚነግድ አይጠፋምና።

ልጁ ሲመለስ

ልጁ ተገኘ። እልል ተባለ። ከዚያስ? ብዙ ቤት የሚከተለው ዱላ ነው። እናት ከድንጋጤዋ ብዛት ትመታዋለች፤ ይገባኛል፣ ከፍቅር ነው። ግን ልጁ ከዚህ የሚማረው "አትጥፋ" የሚለውን አይደለም፤ "ከተገኘህ ትመታለህ" የሚለውን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስሙ ሲጠራ ይደበቃል። ስለዚህ ያን ዕለት እቅፍ፣ ውኃ፣ ምግብ ብቻ ይሰጠው። ምክሩ በነጋታው ይደርሳል። በነጋታው ደግሞ ቤተሰቡ በየት በኩል እንደወጣ ይይ። በሩ ከሆነ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ መቀርቀሪያ ይደረግ፤ ትልቅ ሰው ግን በቀላሉ የሚከፍተው ይሁን፤ እሳት ቢነሳ መውጫ ያስፈልጋልና። ልጅን ቤት ቆልፎ ገበያ መሄድ መፍትሔ አይደለም፤ የባሰ አደጋ ነው።

ጎረቤትም ድርሻ አለው። "የት ሄዳ ነው?" "ስልክ ስትነካካ ይሆናል" የሚለው ወሬ ይቅር። ዛሬ ያማናት እናት ነገ ልጇ ሲጠፋ አፏን ትይዛለች። የሐሜታችን ዋጋ የአንድ ልጅ ነፍስ ሊሆን ይችላል።

የውሳኔ ሐሳብ

እንግዲህ ድምፅ የምትሰጡበት ነገር ይህ ነው። የሥራ አመራር ኮሚቴው ሲወያይ አንዳንድ አባላት "ጡሩምባው ለጠፋ ልጅም ይነፋ" አሉ። አዛውንቶቻችን ግን "ጡሩምባ የሞት ምልክት ነው፤ የጠፋበት ልጅ እናት ብትሰማው ልቧ ይፈነዳል" አሉ። ልክ ናቸው። ስለሆነም የሚከተለው ቀርቧል።

1ኛ/ ከዕድሩ ገንዘብ 12 ፊሽካ ተገዝቶ፣ ቀን ቀን ሰው በማይጠፋባቸው 12 ቤቶችና ሱቆች ውስጥ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይሰቀል።

2ኛ/ ልጅ ሲጠፋ ሦስት አጭር አጭር ፊሽካ እየተደጋገመ ይነፋ፤ "ልጅ ጠፋ" ተብሎም ይጮህ። የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የራሱን ግቢ፣ በርሜልና መኪና ይይ፤ ከዚያ ወደ ድምፁ ይምጣ። ልጁ ሲገኝ አንድ ረጅም ፊሽካ ይነፋ።

3ኛ/ በየመስመሩ የተመደበ ሰው ይኑር፤ አንዱ ወንዙን፣ አንዱ አስፋልቱን፣ አንዱ የታክሲ ማቆሚያውን ይያዝ። ይህ ቀድሞ ይታወቅ፤ በዚያ ሰዓት "አንተ ሂድ፣ አንቺ ሂጂ" ሲባባሉ ጊዜ አይለፍ።

4ኛ/ ልጁ ቤቱ ከአልጋ ሥር ተኝቶ ቢገኝም ፊሽካ የነፋው ሰው አይሳቅበትም፣ አይወቀስም፣ አይቀጣም። ይልቅስ ይመሰገናል።

5ኛ/ የዕድር አባል ላልሆነ ጎረቤት፣ ለተከራይም፣ ትናንት ለመጣም ሰው ልጅ ፊሽካው ይነፋል። ሕፃን መዋጮ አልከፈለም አይባልም።

በሰፈራችን ብዙ ነባር ነዋሪ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ብዙ አዲስ ሰው ገብቷል። እንደ ድሮው ሁሉም የሁሉንም ልጅ አያውቅም። ለዚህ ነው "ድሮ እኮ ልጅ ሰፈር ውስጥ ነበር የሚያድገው" እያልን ከመቆዘም ሥርዓት ማበጀት ያለብን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ጅቡ ሳይመጣ እንጮህ። የዕድራችን መዝገብ በኔ እጅ ነው፤ የሞቱት ስም የሚጻፍበትን ገጽ አውቀዋለሁ። በዚያ ገጽ ላይ በዝምታ ምክንያት የሞተ ሕፃን ስም እንዳልጽፍ እርዱኝ።

የውሳኔ ሐሳቡን የምትደግፉ እጃችሁን አንሱ።

ማሳሰቢያ፦ የውሳኔ ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ተቀባይነት አግኝቷል። ፊሽካ የሚሰቀልባቸው 12 ቤቶች ዝርዝር ግዢው እንዳለቀ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ልጆች ድምፁን እንዲለምዱት በመጪው እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት የሙከራ ፊሽካ ስለሚነፋ ነዋሪዎች እንዳትደናገጡ። በኮሚቴው የሚጠራችሁ ወጣቶች ግን በሰዓቱ እንድትገኙ በአክብሮት እናሳስባለን።

የዕድሩ ጸሐፊ